ወንድሜ ምርጫውን እንዲነግረኝ በምን ልጠይቀው?

ሰላም፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ23 ዓመት ወንድም አለኝ። ስለ እሱ ሁሌም የምንወስነው እኛ ነን። አሁን ግን የሱን ፍላጎት መነሻ ያደረገ የድጋፍ እቅድ አብሬው ላወጣ ፈልጌያለሁ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሰውየው ምርጫ ይከበር ነው የሚለው።

ጭንቄ ይሄ ነው፦ ምንም ብትጠይቁት «እሺ» ይላል። ቤት ትቀመጣለህ? እሺ። እንውጣ? እሺ። ጣና ዳር ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ መረብ ያራግፋል፣ ቀረሶውን ከአምባዛው ለይቶ ያስቀምጣል። ማንም ሳያዘው! ለኔ ትልቁ መልስ ያ ነው።

እማዬ ውኃውን ትፈራለች። እውነቷን ነው፣ ዋና አይችልም። ግን ለደኅንነቱ ብለን ደስታውን ልንከለክለው ነው?

እባካችሁ፣ ልምዱ ያላችሁ ንገሩኝ። ጥያቄውን በፎቶ ነው ወይስ በዕቃ እያሳያችሁ የምታቀርቡት? «እሺ» ያለው ከልቡ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? እናታችሁንስ እንዴት አግባባችሁ? እዚሁ ባሕር ዳር ያላችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ ደግሞ ብንገናኝ ደስ ይለኛል።