«ሰሜን» ወይስ «ስሜን»፤ «ጓሳ» ወይስ «ጉአሳ»?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የእኛ ዞን «ሰሜን ሸዋ» ይባላል። በጎንደር በኩል ያለው ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ አንዱ ጽሑፍ ላይ «የሰሜን ተራሮች»፣ ሌላው ላይ «የስሜን ተራሮች» ተብሎ ይነበባል። ቃሉ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ወንድሜ፣ መነሻው አንድ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ተለያይቷል። የሚገርመው ነገር በጥንቱ ግእዝ «ሰሜን» ዛሬ ደቡብ የምንለውን አቅጣጫ ያመለክት ነበር። ለአክሱም ሰው እነዚያ ተራሮች የሚታዩት በስተደቡብ ነውና። የመንግሥቱ መቀመጫ እያደር ወደ ታች ሲወርድ ተራሮቹ ካሉበት ሳይነቃነቁ በስተላይ ቀሩ፤ ቃሉም ትርጉሙን ገልብጦ ተከተላቸው። የዞናችን ስም የቆመው በዚህ በተገለበጠው ትርጉም ላይ ነው። ስለዚህ ለፓርኩ «ስሜን»ን እመርጣለሁ፤ አቅጣጫ ሳይሆን የአገር ስም መሆኑን በአንድ ፊደል ይለያልና።

ከደጃችን ያለው ግን ይብሳል። «ጓሳ» በመንዝ አስቀድሞ የሣር ስም ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ጠንካራ የደጋ ሣር ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሜዳም በሣሩ ተጠራ። የጥበቃ ክልሉ ስም በላቲን ሲጻፍ «ጓ»ን ለማሳየት ብቻ ሦስት ፊደል ይሰለፋል። ያ ጽሑፍ ተመልሶ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ «ጉአሳ» ሆኖ አንድ ሰሌዳ ላይ አይቻለሁ፤ የራሳችን ፊደል በአንድ ምልክት የያዘውን ድምፅ ከሰው ፊደል መልሰን ተበደርነው ማለት ነው። «ጋሳ» የሚል አስጎብኚም ሰምቻለሁ። ይህማ ወደ «ገሳ» ስለሚጠጋ፣ እንግዳው ሜዳ ሳይሆን እረኛ የሚደርበውን የዝናብ ልብስ ሊጎበኝ የመጣ ያስመስለዋል።

ጉዳዩን ቀላል ነው የሚል ቢኖር የሃዋይን ነገር ይመልከት። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ በደሴቶቹ ያሉ የብሔራዊ ፓርኮች ስሞች በአገሬው አጻጻፍ እንዲታረሙ ተደርጓል፤ በጉሮሮ የሚቋረጠውን ድምፅ የሚያሳየው ምልክትና አናባቢ መርዘሙን የሚነግረው ሰረዝ በሕጋዊው ስም ውስጥ ገብተዋል። ከፓርኮቹ የአንዱን ስም «ሃሌአካላ» ብለን ብንጽፍ የመጨረሻው «ላ» መርዘሙ በእኛ ፊደል አይታይም።

አስተያየት፣ ከአንኮበር፦
ጋሼ፣ ስለ «ጓሳ» ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ፊደላችን ሁሉን ይይዛል እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር። በአጠገባችን ያለው ደን «ወፍ ዋሻ» ሲባል «ሻ» ይጠብቃል፤ አገሩን የማያውቅ አንባቢ ይህን ከሰሌዳው ሊረዳ አይችልም። በላቲኑም «ዋሻ» ያለ ድርብ ፊደል ሲጻፍ «ጓሳ» ግን ድርብ «ሰ» ተሰጥቶታል። በሰዋስው መጻሕፍት ጥብቀትን በፊደሉ አናት ላይ በነጥብ ማሳየት የታወቀ ሲሆን፣ በመንገድ ሰሌዳ ላይ ግን እስካሁን አላየሁም።