«ከቀሪው» የምትለዋን ቃል ልጆቹ ለምን ይዘሏታል?

ጥያቄ፦ ደሴ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቼ ክፍልፋይ ማባዛት አይከብዳቸውም። በታሪክ መልክ ሲመጣ ግን ይጠፋባቸዋል። ትናንት እንዲህ ሰጠኋቸው፦ «አንዲት እናት ሰኞ ገበያ 60 ኪሎ ጤፍ አወጡ። 2/3ኛውን ሸጡ። ከቀሪው 1/4ኛውን ለጎረቤት አበደሩ። ስንት ተረፋቸው?» አብዛኞቹ 5 አሉ። ሩቡን ከ60ው ላይ ነው የወሰዱት። እንዴት ላስረዳቸው? በጣም አሳስቦኛል።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ስሌቱ ይቆይ። ከየክፍልፋዩ ሥር «የምን?» ብለው ይጻፉ። 2/3 የ60ው፣ 1/4 የቀሪው።

መልስ 2፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ወረቀት እናጥፋለን። ረጅም ቁራጭ በሦስት ይታጠፋል፣ ሁለቱ እጅ ይቀደዳል። በእጃቸው የቀረችው 20 ኪሎ ናት። እሷን በአራት ያጥፏታል። አንዷ እጥፋት 5 ኪሎ፣ ሦስቱ 15። የተቀደደውን ግን ከጠረጴዛው ላይ አንሣው፤ ካዩት መልሰው ይቆጥሩታል። «ሲሶ» የሚለውንም ቃል ተጠቀም። ከአያቶቻቸው የሰሙት ስለሆነ ቶሎ ይገባቸዋል።

ጠያቂው፦ ዛሬ ሞከርኩት። አንዷ ልጅ የቀረቻትን ሲሶ ከፍ አድርጋ «ቲቸር፣ ስልሳው እኮ አሁን የለም!» አለች። ደስ አለኝ። ነገ ያለ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ።