ቁልፉን ስለቀው የምትጠፋ አሮጌ ዲኤክስ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በፈረንጆች 1982 የተሠራች፣ ባለ ካርቡራቶርና ባለ ፑንቲና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ) ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ታስቸግረኝ ነበር፤ አሁን ግን ጭራሽ አልነሳ ብላለች። ባትሪው አዲስ ነው፤ ሞተሪኖውም ሞተሩን በደንብ ያዞረዋል። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ቀይሮ ካርቡራቶሩን ካጠበ በኋላ ለውጥ ስላልመጣ፣ አሁን የቤንዚን ፖምፓው ይቀየር እያለኝ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ችግሩን ከየት ጀምሬ ልለይ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ሞተሪኖው በደንብ የሚያዞር ከሆነ የሚቀሩት እሳትና ቤንዚን ናቸው፤ ሁለቱንም ምንም ዕቃ ሳይገዙ መፈተሽ ይቻላል። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ከፍተው ሞተሩ እንደቆመ የነዳጅ መስጫውን በእጅ ሲስቡ ወደ ካርቡራቶሩ ጉሮሮ ቤንዚን ከተረጨ፣ ነዳጅ እዚያ ድረስ ደርሷል ማለት ስለሆነ ፖምፓውን ለመቀየር አይቸኩሉ። ቀጥሎ አንድ ካንዴላ ፈትተው ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክተው ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልዎ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን የፈሰሰ ቤንዚን በአቅራቢያው አለመኖሩን ያረጋግጡ። እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳንም ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በክረምት እርጥበት እሳቱን መንገድ ያስታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ቾክ ስበው ነዳጅ ደጋግመው ከረገጡ ካንዴላው ይርሳል።
አንድ ጥያቄም አለኝ፦ ቁልፉን ይዘው ሲያዞሩ ሞተሩ ለቅጽበት እንኳ የመያዝ ምልክት ያሳያል?

ጠያቂ፦
ቤንዚኑ ይረጫል፤ እሳትም ይታያል። ምልክቱን በተመለከተ ግን፣ ቁልፉን ይዤ ሳለሁ ሞተሩ የተነሳ ይመስልና ልክ ስለቀው ወዲያው ይጠፋል።

ሁለተኛው መላሽ፦
እንግዲያው ፖምፓውን ይተዉት፤ ይህ ምልክት ወደ ኮይሉ (የባትሪውን ኃይል ለካንዴላው እሳት ከፍ ወደሚያደርገው ዕቃ) መስመር ያመለክታል። በብዙ ባለ ፑንቲና መኪኖች ቁልፉ ወደ ማስነሻው ሲዞር የባትሪው ሙሉ ኃይል በቀጥታ ወደ ኮይሉ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ኮይሉ እንዳይግል ኃይሉ በሬዚስተር በኩል ተቀንሶ ይደርሰዋል። ሬዚስተሩ ከተቃጠለ፣ ወይም የቁልፉ ማብሪያ በዚያ ቦታ ላይ ካልነካ፣ ሞተሩ ሞተሪኖው እያዞረው ሳለ ብቻ ይሠራል። ለዚህም ነው ካንዴላው ላይ እሳት ያዩት፤ የተፈተሸው ቁልፉ እየዞረ ሳለ ነው።
ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ቁልፉን ሞተሩ በሚሠራበት ቦታ ላይ ያድርጉና የኮይሉን ፖዘቲቭ በቴስተር ይለኩ። ከ6 እስከ 9 ቮልት ገደማ ከተገኘ መስመሩ ደህና ነው፤ ምንም ካልተገኘ በሬዚስተሩ መግቢያ በኩል ይለኩ። በመግቢያው ኃይል ኖሮ በመውጫው ከሌለ ሬዚስተሩ ተበጥሷል፤ በመግቢያውም ከሌለ ችግሩ ከቁልፉ ወይም ከሽቦው ነው። ልኬቱን ቶሎ ይጨርሱ፤ ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ኮይሉና ፑንቲናው ይቃጠላሉ።

የመጀመሪያው መላሽ፦
በምልክቱ እስማማለሁ። አንዳንዶች ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ወደ ኮይሉ ስበው ይሄዳሉ፤ ለአጭር ሙከራ ካልሆነ በቀር አይመከርም። ሽቦው እንደተያያዘ ቁልፉን ቢዘጉም ሞተሩ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል ያስፈልጋል። ሬዚስተር ሲገዙም አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ኮይሉ ከዚህ በፊት ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ሬዚስተሩ በውስጡ ያለ ኮይል የውጭውን አይፈልግም።