የሂንዲዋ «ኔ» አስቸገረችኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዴልሂ ውስጥ የሥነ ልሳን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ አዲስ ለመጡ ኢትዮጵያውያን ሂንዲ አስተምራለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን «ኔ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ቆመናል፤ ተሳቢ ያለው ድርጊት ሲፈጸም ከአድራጊው ስም ቀጥላ የምትገባ ናት።

ትናንት ሰሌዳው ላይ «ሲታ ኔ ኬላ ካያ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሲታ ሙዝ በላች ማለት ነው። ወዲያው አንዲት ተማሪ «ሲታ ሴት ናት፤ ታዲያ ግሱ ለምን በወንድ ሆነ?» ብላ ያዘችኝ። በሂንዲ ሙዝ ወንድ ነው፤ ድርጊቱ ሲፈጸም ግሱ የሚስማማው ከበላችው ሳይሆን ከተበላው ጋር ነው። ሥሩን ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት አሳየኋቸው፦ «ራሜና ፋላም ካዲታም»፣ «በራም ፍሬ ተበላ» እንደ ማለት። ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከተሳቢው ቀጥላ የምትመጣዋ «ኮ»ማ ምንም አልከበደቻቸውም፤ «ዳቦውን» ላይ ያለችውን የእኛን «ን» በሥራዋ ትመስላለች።

የቸገረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። «ላና»፣ ማምጣት፣ ተሳቢ እያለው «ኔ»ን አይቀበልም። እሱስ «ሌ አና»፣ ይዞ መምጣት፣ ከሚለው ስለተገኘ ይገባኛል። «ቡልና»፣ መርሳትስ? ተሳቢ የማይፈልጉት ማስነጠስና ማሳል ደግሞ «ኔ»ን ሲይዙ እሰማለሁ። ለምን?

«እንዲሁ በቃላችሁ ያዙት» ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱን የሚጠይቁ ተማሪዎች ናቸው። ሂንዲ ያስተማራችሁ ወይም የሰዋስዉን ታሪክ የመረመራችሁ፣ እነዚህን ግሶች ለአማርኛ ተናጋሪ እንዴት ታስረዳላችሁ? ቀጣዩ ትምህርት ቅዳሜ ማታ ነው።