መኪናችን ገዲ መገንጠያ ላይ ፈላች፤ የቀረን ዛሬ ብቻ ነው፣ ምን እናድርግ?

መንገደኛዋ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኬንያ ነን፣ ባህሩ ዳር። ጠዋት ከዋታሙ ወጥተን ዋናው አስፋልት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ፈላች። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ደንግጠን ዳር አቆምን። አንድ ሜካኒክ በሞተር መጥቶ አያት። የራዲያተሩ የውሃ ጎማ (ቱቦው) ተቀዷል፣ ዕቃውን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። መቼ ስንለው በስዋሂሊ መለሰልን፤ አጠገባችን የቆመ ልጅ «በስምንት» ብሎ ተረጎመው። የፈረንጁ የጠዋት ስምንት አልፏል። ስለዚህ የማታው ነው፣ በእኛ ማታ 2 ሰዓት። ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ለዛሬ ያሰብነው የጥንት ከተሞቹን ፍርስራሾች ገዲን፣ ምናራኒንና ጁምባ ላ ምትዋናን፣ ሞምባሳ ያለውን ምሽግ ፎርት ጂሰስንም ማየት ነበር። እናቴ አብራኝ አለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ይህን ጉዞ ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ያለ መኪና የትኞቹን ማየት እንችላለን? ገዲ ይቅርብን እንዴ? የፖርቱጋሎቹን ግንብ ፎርት ጂሰስ ላይ ስለምናየው ብዙ የሚቀርብን አይመስለኝም።

ጋራዥ ሰፈር
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ። የፈላው ውሃ በግፊት ወጥቶ ፊት ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አንድ ጥያቄ፦ ጎማው የተቀደደው መሃሉ ላይ ነው ወይስ ጫፉ፣ ማሰሪያው ጋ? ጫፉ ከሆነ የተቀደደውን ቆርጦ መልሶ ማሰር ይቻላል። ሞምባሳ ያደርሳል።

የላሙ ናፋቂ
መኪናዋን እዚያው ተዉአትና ላሙ ደሴት ሂዱ! የምሬን ነው። ከማሊንዲ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ በፈረንጁ ከ2001 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት። መንገዶቿ ጠባብ ስለሆኑ መኪና አይገባባቸውም፣ ሰውም ዕቃም በአህያ ነው የሚሄደው። የተቀረጹት የእንጨት በሮች ፊት ቆማችሁ ሰዓቱ መሄዱን ትረሳላችሁ። እዚያ ራዲያተር የሚባል ጭንቀት የለም።

ፈጣኗ
የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ እንዳትከፍቱት! በጣም አደገኛ ነው።

ጋራዥ ሰፈር
ብያለሁ እኮ። ግን ሁለት ጊዜ ቢባልም አይከፋም።

የታሪክ መምህሩ
ልጄ፣ እናትሽን ይዘሽ መውጣትሽ የሚያስመሰግን ነው። እንግዲህ ዳርቻውን ካያችሁት አይቀር ከእኛ አገር ጋር ያለውን ዝምድና እያወቃችሁ እዩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ሲደርስ አቀባበሉ ጥሩ አልነበረም። ወደ ማሊንዲ ሲዘልቅ ግን ሱልጣኑ በደስታ ተቀበለው፣ ወደ ህንድ የሚመራውን መርከብ መሪም ሰጠው። ማሊንዲ ላይ የቆመው ባለ መስቀሉ ምሰሶ የዚያ ዘመን ምልክት ነው። የቫስኮ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ነው! በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ላይ የወረደው፣ በዓመቱም በግራኝ አህመድ ጦር ተማርኮ የተገደለው። የአባቱ ምሰሶ ማሊንዲ ላይ፣ የልጁ ሞት እኛ አገር። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሌላም ልጨምር። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ሸዋ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ነበር። ከ1839 እስከ 1842 ድረስ መሆኑ ነው። ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል ወደዚህ ዳርቻ መጣ። በ1844 ሞምባሳ እንደገባ ብዙ ሳይቆይ ሚስቱንና አራስ ልጁን ሞት ወሰደበት። የሚስቱ መቃብር ከሞምባሳ ደሴት ማዶ፣ ኒያሊ ውስጥ አለ። እሱ ግን አልተመለሰም። በ1846 ራባይ ላይ ሚሲዮን መሠረተ። ራባይ ከሞምባሳ ሩቅ አይደለችም፤ ቢቻላችሁ እንዳታልፏት።

መንገደኛዋ
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ የክራፕፍ ሚስት ነገር አንጀቷን በላው። ግን አሁን መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ነን። ጋራዥ ሰፈር፣ ጫፉ ላይ ነው የተቀደደው። ላሙም ማሊንዲም አይሆኑልንም፣ ወደ ሞምባሳ ነው የምንሄደው። ነገ ማታ በረራ አለን።

ጋራዥ ሰፈር
ታዲያ ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን! ጫፉ ከሆነ ጥሩ ዜና ነው። ቆርጦ ያስረዋል፣ ውሃ ይሞላል፣ አየሩን ያስወጣል፣ አለቀ። አዲስ ጎማ ካመጣም በጣም ጥሩ።

ኮራል ድንጋይ
መንገደኛዋ፣ አንድ ነገር ሳላርም ማለፍ አልችልም። ገዲን ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። የስዋሂሊ ከተማ ነው። ሰዎቹ የባህር ኮራል ድንጋይ ፈልጠው፣ ኮራሉንም አቃጥለው ኖራ አውጥተው የሠሩት ነው። ፖርቱጋሎች እዚያው አጠገብ ማሊንዲ ላይ መቶ ዓመት ገደማ ሲቀመጡ ስለ ገዲ አንድም ቃል አልጻፉም። ስለዚህ ፎርት ጂሰስን ማየት ገዲን ማየት አይደለም። እንዲያውም ከአራቱ አንዱን ብቻ እዩ ብትሉኝ ገዲን ነው የምለው።

ፈጣኗ
ፎርት ጂሰስም እኮ ቀላል አይደለም። በፈረንጁ በ1593 ተጀምሮ በ1596 ያለቀ ነው፣ ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው ካይራቲ ነው። ከላይ ሲታይ ተጋድሞ የተኛ ሰው ይመስላል። ከ2011 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ኦማኖች ከ1696 እስከ 1698 ከበውት ነው የያዙት። እንግሊዞች ደግሞ እስከ 1958 ድረስ እስር ቤት አድርገውት ነበር።

ኮራል ድንጋይ
አይታይ አላልኩም። ገዲም በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። እኔ የምለው አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም ነው። ፎርት ጂሰስ ውስጥ የምታዩት መድፍና ወታደር ነው። ገዲ ውስጥ የምታዩት ኑሮ ነው። ቤቶቹ የሚጠሩት በቁፋሮ በተገኘባቸው ዕቃ ነው፦ የመቀሱ ቤት፣ የዝሆን ጥርስ ሳጥኑ ቤት፣ የቻይና ሳንቲሙ ቤት። ከባህሩ ገባ ያለች፣ ጫካ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ የቻይና ሳህን ግን እዚያ ሰው ማዕድ ላይ ይቀርብ ነበር። ቤት ውስጥ መጸዳጃ ነበራቸው። ክፍሎቹ ለምን ጠባብ ሆኑ ብትሉ፣ ጣሪያውን የተሸከመው ባህር ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ አጣና ነው። የአጣናው ርዝመት የፈቀደውን ያህል ነው ክፍሉ የሚሰፋው። መግቢያው አካባቢ 802 ዓመተ ሂጅራ የሚል የተጻፈበት መቃብር አለ። በፈረንጁ 1399 መሆኑ ነው። እዚያ ጋ ቆም በሉ።

የታሪክ መምህሩ
ገዲ የሚለው ስም ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ «ውድ» ማለት ነው የሚሉም አሉ። ሰዎቹ ለምን ለቀቋት የሚለው ላይ ብዙ ተብሏል። ጦርነት የሚሉ አሉ። የጉድጓዶቹ ውሃ እየራቀ መሄዱንም አንድ ምክንያት ያደርጉታል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግን ባዶዋን ቀርታለች።

ኪሊፊ ነዋሪ
ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። መንገደኛዋ፣ ሜካኒኩ ያለው ቃል ትዝ ይልሻል? «ሳ ናኔ» ነው ያለው?

መንገደኛዋ
አዎ! «ናኔ» የሚል ሰምቻለሁ።

ኪሊፊ ነዋሪ
እንግዲያው ደስ ይበልሽ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው! ከንጋት ጀምሮ። ሳ ሞጃ አንድ ሰዓት፣ ሳ ምቢሊ ሁለት ሰዓት፣ ሳ ናኔ ስምንት ሰዓት። ልጁ ቃሉን በቀጥታ ተረጎመላችሁ፣ አንቺ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት መስሎሽ ወደ ማታ ወሰድሽው። ሰውዬው የሚመጣው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ነው። እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በጣም የቀለለኝ ነገር ይህ ሰዓት ነው። ለማንኛውም ደውይና «ሳ ናኔ ምቻና?» በይው። ምቻና ቀን ነው፣ ኡሲኩ ሌሊት።

አሁን ደግሞ ዕቅዱን ልንገርሽ። ገዲ መገንጠያ ላይ ከሆናችሁ ፍርስራሹ አጠገባችሁ ነው። በቱክ ቱክ፣ ማለት በእኛ ባጃጅ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሾፌራችሁ መኪናዋ ጋ ይቆይ። እናንተ ግቡ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጧችኋል፣ ለእናትሽ ጉልበት ከአራቱም የሚሻለው እሱ ነው። የዛፍ ሥር መሬቱ ላይ ስለሚወጣ ግን ክንዷን ያዣት። ዛፍ ላይ የተሠራ ማማ አለ፣ እሷ አትውጣ። ጦጣዎቹ ምግብ ስለሚቀሙ ፍራፍሬ በእጅ አትያዙ። የመግቢያ ክፍያ ጥሬ ገንዘብ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ስልክ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ይኑራችሁ።

መኪናዋ 9 ሰዓት ላይ ከተነሳች ምናራኒ መንገዳችሁ ላይ ነው። የኪሊፊን ድልድይ ስትሻገሩ እዚያው ነው። ሁለት የመስጊድ ፍርስራሾች፣ ረጅም ምሰሶ የቆመበት መቃብር፣ አንድ ግዙፍ የባኦባብ ዛፍ፣ ከታች ደግሞ ውሃው። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ፎርት ጂሰስን ለነገ ጠዋት አቆዩት፣ በረራችሁ ማታ ነው ብለሽ የለ? ማታ ከመዘጋቱ በፊት እንደርሳለን ብላችሁ ያቺን መኪና እንዳታስሮጧት። ሞምባሳ ሳትደርሱ ምትዋፓ ላይ የመኪናው መጨናነቅ ያቆማችኋል፣ የታመመ ራዲያተር ደግሞ ቆሞ መጠበቅ አይወድም።

የላሙ ናፋቂ
ጁምባ ላ ምትዋናስ? ፍርስራሹ እኮ አሸዋው ጫፍ ላይ ነው! አራት መስጊዶች፣ አንዱ ከባህሩ አጠገብ። ስሙ «የባሪያው ቤት» ማለት ነው። ማዕበሉን እየሰማሽ በ14ኛው መቶ ዘመን ሰው ቤት በር ትገቢያለሽ።

ኪሊፊ ነዋሪ
ያምራል፣ አልክድም። ግን ከአስፋልቱ ገባ ይላል። ጉልበት የሚያማት እናትና የተጠገነ ጎማ ይዞ፣ ፀሐይ እየጠለቀ? አንዱ መቅረት ካለበት እሱ ይቅር።

ኮራል ድንጋይ
እስማማለሁ። ሁለቱን በእርጋታ ማየት አራቱን በሩጫ ከማየት ይበልጣል። የመቀሱን ቤት ግን እንዳትረሱ።

መንገደኛዋ
ደወልኩ! ምቻና ነው አለኝ!! ሾፌሩ እንኳ ሳቀ። ኪሊፊ ነዋሪ፣ ዘመንህ ይባረክ። እናቴ «እንደ እኛ የሚቆጥር ሕዝብ አለ እንዴ» ብላ ተገርማለች። ቱክ ቱክ አቁመናል፣ እየገባን ነው። ባትሪዬ 11 ከመቶ ነው።

ጋራዥ ሰፈር
ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አንብቢ። ጎማው ከታሰረ በኋላ ሞተሩን አስነሥታችሁ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ እዩት። ከታሰረበት ጠብታ ካለ አትንቀሳቀሱ። መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ከጀመረ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፉና ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስብላችኋል። መስኮት ከፍታችሁ ቻሉት። ቢያንስ አምስት ሊትር ውሃ ያዙ። ሜካኒኩ ቴርሞስታቱንም (የሞተሩን ውሃ ዝውውር በሙቀቱ መጠን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) ይይ።

ፈጣኗ
ቴርሞስታቱን አሳዩት። ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ነው።

የታሪክ መምህሩ
ልጄ፣ ነገ ከፎርት ጂሰስ በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ ኒያሊ ያለውን የክራፕፍን ሚስት የሮዚንን መቃብር ለእናትሽ አሳያት። ታሪኩን ሰምታ አዝናለች ብለሽ የለ።

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ መንገድ ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ ነኝ፣ በማታቱ፣ በሚኒባሱ ማለቴ ነው። ገዲ ጋ አውርዱኝ ብል ያወርዱኛል?

ኪሊፊ ነዋሪ
ያወርዱሃል። የማሊንዲ ማታቱ በዚያው ነው የሚያልፈው። «ገዲ» ካልክ ይበቃል። ሰዓት ስትቀጥር ግን ምቻና ወይስ ኡሲኩ ብለህ ጠይቅ።

መንገደኛዋ፣ አሁን 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰውዬው መጣ?

ኮራል ድንጋይ
ባትሪዋ አልቆ ይሆናል። ያ ጫካ ውስጥ ከገቡ ቶሎ አይወጡም።