የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከከተማ ክለብ ጋር ክሪኬት መጫወት የጀመሩት መቼ ነው?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ጀማዓ። ደሴ ነው የምማረው፣ ሰሞኑን የክሪኬት፣ ያ ኳስ በዱላ የሚመቱበት የእንግሊዞች ጨዋታ፣ ታሪኩ ይዞኛል። ያነበብኩት ሁሉ ሁለቱ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ፣ መጀመሪያ የተጋጠሙት በ1827 እ.ኤ.አ. ነው ይላል። ታዲያ ከዚያ በፊት ተማሪዎቹ ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት? የጠየቅኩት ለራሳችንም ብዬ ነው፤ የዲፓርትመንታችን የእግር ኳስ ቡድን አንድ የቆየ የሰፈር ቡድን ግጠሙን ቢለው ልጆቹ «እንዋረዳለን» ብለው እምቢ አሉ።

የኮምቦልቻው፦
አብሽር ወንድሜ። ከከተማው ሰው ጋር ነዋ! የካምብሪጅ ተማሪዎች ከካምብሪጅ ከተማ ክለብ ጋር በ1820 የገጠሙት ጨዋታ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ (በከፍተኛው እርከን) ክሪኬት መዝገብ ውስጥ አለ። ከኦክስፎርዱ ግጥሚያ 7 ዓመት ይቀድማል። እኔ እንደሚመስለኝ ለተማሪዎቹ ከባዱ ፈተና ይሄኛው ነው። ተማሪ ተመርቆ ይበተናል፣ የከተማው ተጫዋች ግን እዚያው ስለሚኖር ዓመት ከዓመት ከነዚያው ጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ በዓይን ይግባባል።

ባቲ፦
የ1827ቱን ግጥሚያ ያመጣው ቻርለስ ወርድስወርዝ የሚባል የኦክስፎርድ ተማሪ ነው። አባቱ ካምብሪጅ የትሪኒቲ ኮሌጅ ኃላፊ ስለነበሩ ሁለቱንም ወገን ያውቅ ነበር። ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ ለ2 ቀን ተቀጣጠሩ፣ አንዱን ቀን ዝናብ በላው። ኦክስፎርድ 258 ነጥብ አስቆጠረ፣ ካምብሪጅ 92። ወርድስወርዝ ኳስ እየወረወረ ብቻውን 7 መቺ ከጨዋታ አስወጣ፤ ያም ሆኖ ጨዋታው ስላላለቀ አቻ ተባለ።
ወንድሜ፣ ለልጆቹ እንዲህ በላቸው፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። አያቴ አምባሰል ውስጥ ገና ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚታቸውን በዱላ ተመተው፣ እያነከሱ ሩሯን ተከትለው ሮጡ እንጂ ማን መታኝ ብለው አልጠየቁም። ሰፈር ቢያሸንፋችሁ ምን ውርደት አለው?

የኮምቦልቻው፦
ባቲ እውነቷን ነው። ደግሞ ይሄን ስማ። ፍራንሲስ ፌነር የሚባል የከተማው ክለብ ተጫዋች ነበር። በ1846 መሬት ተከራየና ሜዳ አደረገው፣ በ1848 ለተማሪዎቹ ክለብ አከራየው። ተቃራኒያቸው የነበረ ሰው እኮ ነው! ሜዳው ዛሬም ፌነርስ ይባላል፣ ካምብሪጆች አሁንም እዚያ ይጫወታሉ።

ጦሳ ስር፦
ጀዛኩሙላህ፣ ሁላችሁም። ለልጆቹ አነበብኩላቸው፣ እሺ ያላለው ግብ ጠባቂያችን ብቻ ነው። ሆጤ ሜዳ ቅዳሜ ጠዋት ማን ይመጣል?