«ስማርት» ለሚባል ዕቃ የኢነርጂ ሌብል እንዴት ነው የሚሰጠው?

አዲስ_ሻጭ፦
ሰላም። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ ትንሽ የኦንላይን ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃዬ «ስማርት» የሚለው ገጽ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ከኤ እስከ ጂ ያለው ደረጃ ይጻፍለት አለኝ። ያሉን ስማርት አምፖል፣ ስማርት ሶኬት፣ የማሞቂያ ቴርሞስታትና በሩ ላይ ስክሪን ያለው ፍሪጅ ናቸው። አምፖሉና ፍሪጁ ሌብል አላቸው፣ ሁለቱ ግን ባዶ ናቸው። ዲዛይነራችን «የሚመስል ሠርቼ ልለጥፍላቸው» እያለ ነው። ደግሞ አምፖሉ ኤፍ ነው፤ ስማርት ከሆነ መቆጠብ አልነበረበትም እንዴ?

ቆጣሪ_አንባቢ፦
ዲዛይነሩን ቶሎ አስቁመው! የሌብል ደንብ ባልወጣለት ዕቃ ላይ የኅብረቱን ሌብል የሚመስል ነገር ማሳየት በደንብ 2017/1369 የተከለከለ ነው። «ስማርት» የሚባል ምድብም የለም፣ እሱ የማስታወቂያ ቃል ነው። የሚታየው የዕቃው ዋና ሥራ ነው። ካበራ ደንብ 2019/2015፣ ምግብ ካቀዘቀዘ ደንብ 2019/2016 ነው የሚገዛው። ፍሪጁ በሩ ላይ ስክሪን ስለተገጠመለት ቴሌቪዥን አይሆንም። ሶኬቱ ባዶ መሆኑ ልክ ነው።

ቴርሞስታቱ ነው ሰው የሚያሳስተው። በደንብ 811/2013 መሠረት ለራዲያተር ውሃ ከሚያሞቅ ማሞቂያ ጋር እንደ ጥቅል ሲሸጥ፣ ከ1 እስከ 8 የተቆጠረ ክፍል ይሰጠውና ለጥቅሉ ውጤት ከ1 እስከ 5 በመቶ ይጨምርለታል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለት ደግሞ አይደለም፦ 2ኛው ክፍል 2 በመቶ ሲያስገኝ 3ኛው 1.5 ብቻ ነው። ይሄንን ቁጥር ወስደህ ወደ ፊደል እንዳትቀይረው።

ሉመን፦
ስለ ኤፍ፦ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአምፖል ደረጃ አሰጣጥ በጣም ከብዷል። ኤ ለማግኘት በአንድ ዋት 210 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያስፈልጋል። በ9 ዋት 806 ሉመን የሚሰጥ ተራ አምፖል ወደ 90 ገደማ ነው የሚደርሰው፣ ኤፍ ደግሞ ከ85 እስከ 110 ነው። ስለዚህ አምፖልህ አላፈረም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ፊደሉ የሚሰላው በርቶ ሲሠራ ነው። ስልክህ እስኪጠራው ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ የሚበላው ኃይል እዚያ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው 0.5 ዋት ጣሪያ ተደርጎለታል። እስቲ አስላው፦ ያው ባለ 9 ዋቱ አምፖል በቀን 1 ሰዓት ብቻ ከበራ በዓመት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በቀሩት 23 ሰዓታት ጣሪያውን ነክቶ ከተቀመጠ ደግሞ 4.2። ጠፍቶ ከበራው በላይ በላ ማለት ነው 😅

አዲስ_ሻጭ፦
እናመሰግናለን፣ ዲዛይነሩ አኩርፏል 😂 አንድ የቀረኝ፦ አምፖሉን ከኅብረቱ ውጭ ካለ ፋብሪካ በቀጥታ ነው የምናስመጣው። ሌብሉ ሳጥኑ ላይ ስላለ በቃን አይደል?

ቆጣሪ_አንባቢ፦
ኧረ አይበቃም! ይሄንን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ። ወደ ኅብረቱ ገበያ ያስገባኸው አንተ ከሆንክ ሕጉ ሻጭ ብቻ ሳይሆን አቅራቢ ነው የሚልህ። ዕቃው ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ኢፕሬል በሚባለው የኅብረቱ ዳታቤዝ መመዝገብ ያንተ ኃላፊነት ነው፣ የፈተና ሰነዱም አንተ ጋ መኖር አለበት። አሁኑኑ የሌብሉን ኪውአር ኮድ በስልክህ አንሳው። ወደ ኢፕሬል ገጽ ካልወሰደህ፣ ወይም ሌላ ሞዴል ካሳየህ፣ ነገሩ እስኪጠራ ሽያጩን አቁም።